«ያልታወቀው ረሃብ» እና ያልታየው ጎተራ

ባለፈው ሰሞን የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች የሆንን ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበን «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም አየን። ስለ ወሎ ረሃብ የሚናገር ነው፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ሁላችንም ዝም አልን። ክርክሩ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ይህም ሂስ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

የፊልሙን ውለታ አንክድም። እርግጥ በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ በግቢው አሳይተው ነበር። ዓለም የሰማው ግን ይህ ካሜራ ሲመጣ ነው።

ሆኖም ካሜራው ፊት እንጂ ጎተራ አያሳይም። ለመሆኑ እህሉ የት ሄደ? አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም፤ በረሃቡ ወራት እንኳ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲደርቅበት ምግቡንም ገንዘቡንም ባንድ ላይ አጣ። ከብቱን ገበያ ቢያወጣም ዋጋው ወድቋል። ከመሬቱ የተባረረ ጭሰኛም ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከንጉሡ ግብዣና ከውሾቻቸው ቀለብ ምስል ጋር እያጣበቀ በቴሌቪዥን አሳየ። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ታክሲ ነጂዎችን ካሳደመ ወዲህ ኑሮ የመረረው ከተሜ ሌላ ማስረጃ አላሻውም። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። መቀሱ ሥራውን ሠራ፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ገበታ ላይ ጣለው። ገበታው ተነሣ፤ ረሃቡስ? በመስከረም 1977 መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ ይራብ ነበር። ይህን ድግስ ከዚያ ረሃብ ጋር የሚያጣብቅ መቀስ ግን በአገር ውስጥ አልተገኘም።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) ስለ ወሎ ረሃብ የተሠራ ፊልም አይደለም። ነገር ግን ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዝ፣ ቤተሰቡ ከማለዳ እስከ ማታ ሲለፋ እናያለን። እህሉ የት እንደሚሄድ የሚነግረን ይኸኛው ነው።

እኛስ? የዚህን መጽሔት የቀድሞ እትሞች አገላብጠን ነበር። ስለ ድርቅ የተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ደመናን ይወቅሳሉ፤ አንዱም የእኛው ነው። ግለ ሂስ ነውና እንናገረው። በበጋ የአቃቂን ሜዳ አቧራ ሲያለብሰው፣ በዚያው አቧራ መሀል እህል የጫኑ መኪናዎች ያልፋሉ። ግጥማችን ውስጥ አቧራውን አስገባን፤ መኪናውን ተውነው።

የሚቀጥለውን ግጥም የምትጽፉ ጓደኞቻችን፣ እስቲ እናንተ መኪናውን ተከተሉት።