«ያመኛል» እና «ታምሜያለሁ»

ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ መታመም ባሳተመችው መጣጥፍ የገዛ ቋንቋዋን ትከሳለች። ለፍቅርና ለፍልስፍና ቃል የማያጣው እንግሊዝኛ፣ ተራ ራስ ምታት ሲመጣ አፉ ይያዛል ባይ ናት። ዩኒቨርሲቲ በማስተምርበት ዘመን ይህን መጣጥፍ ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ይስማሙ ነበር። ሴትዮዋ ስለ እንግሊዝኛ ያለችው ልክ ሊሆን ይችላል። አማርኛን ግን አብራችሁ አትክሰሱብኝ።

እስቲ ልብ በሉ። ራሳችንን ይፈልጠናል፣ እንጨት ይመስል። ሆዳችንን ይቆርጠናል፤ ጎናችንን ይወጋናል፤ ጉልበታችንን ይቆረጥመናል፤ ቁስላችን ይጠዘጥዘናል። እግር ላይ ስንደርስማ ቃሉ አያልቅም፦ ይነዝራል፣ ይለበልባል፣ ይደነዝዛል፣ ውርር ያደርጋል፣ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። አንዱ ፋስ ይዟል፣ አንዱ ቢላ፣ አንዱ ጦር፣ አንዱ ሳማ። ይህን ሁሉ የታጠቀው ሰውዬ ማን እንደሆነ ግን ሰዋስዋችን አይናገርም። «አመመኝ» ስል ተሳቢው እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ አይታወቅም። አንድ ስም የለሽ «እሱ» መጥቶ ይመታኛል። «ታመምኩ» ስል ግን ባለቤቱ እኔው እሆናለሁ።

ሁለቱ ግሶች ከአንድ ሥር ወጥተው ኑሯቸው ለየቅል ነው። የታመመ ሰው ይተኛል፤ ብርቱካንና ሙዝ ተይዞ ይጠየቃል፤ ከዚያ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። የሚያመው ሰው ግን ሥራ ይገባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የዕድር ስብሰባ ይቀመጣል፣ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ማንም አይጠይቀውም። እንዴትስ ይጠየቃል? አሥር ዓመት ሙሉ ብርቱካን የሚያመላልስ ዘመድ ከየት ይመጣል! የጥየቃ ባህላችን የተሠራው ለአጭር በሽታ ነው።

ልቦለዳችንም ከዚሁ ባህል የወጣ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ሲሞት እናለቅሳለን፤ ሞቱ ታሪኩን ይሸከማል። የማይገድል፣ የማይድንም፣ ሌሊት ሌሊት የሚነቃ የእግር ሕመም ግን ለደራሲ ምን ይጠቅመዋል? ሴራ አይወጣውም።

ስለ ምን ሕመም እንደማወራ ግልጽ ላድርግ። ሐኪሞች ኒውሮፓቲ ይሉታል፤ የነርቭ ጉዳት ማለት ነው። እኔን ያገኘኝ በስኳር በኩል ነው፤ ብዙ ሰውም የሚያገኘው በዚያው በር ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ። ከወገብ ተነስቶ ጣት ድረስ የሚወርደው ክር አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሕመሙ ከእግር ጣት ይጀምርና እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይሳባል። ሌሊት ይብሳል። ማታ አንሶላ ሲነካው የሚጮኸው እግር፣ ቀን ላይ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር አያውቅም። ያቃጥላል፤ ሙቀት ግን አይለይም። ሐዋሳ ላይ የእግር ሕመም በተነሳ ቁጥር «ወንዶ ገነት ሂድና ፍል ውሃው ውስጥ ንከረው» የሚለው ምክር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። የደነዘዘ እግር ቆዳው ሲላጥ እንኳ ለባለቤቱ ወሬ አያቀብልም። ውሃውን በክርን መለካት፣ ጫማ ውስጥ ጠጠር መኖር አለመኖሩን በእጅ መዳበስ፣ ማታ ማታ የውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፤ የኑሮው ዘዴ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቃል ጌጥ መሆኑ ይቀራል። የነርቭ ሕመም በአብዛኛው የሚታወቀው ከታማሚው አፍ ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ታዋቂ መጠይቅ 10 ነጥቦች አሉት። 3ቱ ቆዳን ነካክቶ የሚታዩ ናቸው፤ 7ቱ ግን በቃል የሚመለሱ፦ ያቃጥላል ወይ፣ ይነዝራል ወይ፣ ያሳክካል ወይ እያሉ ይቀጥላሉ። 4 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ነርቩ ይጠረጠራል። ከዚያ መድኃኒቱም ይለያል። ተራው ማስታገሻ እዚህ ብዙም አይረዳም፤ አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ የድሮ የድብርት መድኃኒት ግን ሊረዳ ይችላል። (ታማሚው «አብደሃል ሊሉኝ ነው እንዴ?» ብሎ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ እንዳይከተው አስቀድሞ ማስረዳት የሐኪሙ ዕዳ ነው።)

እኛስ ቃሉን ምን እናደርገዋለን? ተራ ስጠብቅ ስንቴ አይቻለሁ። ከሲዳማ ገጠር የመጡ እናት በራሳቸው ቋንቋ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያስረዳሉ፤ ጣቶቻቸው እንደ ነበልባል ይርገበገባሉ። አስተርጓሚ የሆነው ልጃቸው ወደ ሐኪሙ ዞሮ «እግሯን ያማታል» ይላል። በቃ! ሐኪሙም በር ላይ ያለውን ሰልፍ እያየ «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሆናል?» ይላል። ቁጥሩን አልንቅም፤ ትናንትን ከዛሬ ለማወዳደር ይበጃል። ግን የሚነዝር ሰባትና የሚቆረጥም ሰባት አንድ አይደሉም።

ከዚህም የሚከፋው በምስጋና የሚመጣ ዝምታ ነው። በ1997 ዓ.ም. የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያ ዘመን ከሚታዘዙት አንዱ ስታቩዲን ነበር። ሕይወት አተረፈ፤ የስንቱን እግር ግን አቃጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀስ በቀስ እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በመካከሉ እግሩ የነደደበት ሰው ምን ብሎ ያማርር? «ከሞት ተርፈህ ስለ እግር ታወራለህ? ተመስገን በል እንጂ!» ይባላል። ተመስገንም ይላል፤ እግሩም መንደዱን ይቀጥላል።

በዚህ ላይ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» አለ። ኢዮብን የምናነበው ግማሹን እንኳ አይደለም። ከውስጥ እግሩ እስከ አናቱ በቁስል የተመታው ሰው፣ 42 ምዕራፍ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ዝም ብሎ የቻለው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ይሟገታል፣ ፈጣሪውን ለክርክር ይጠራል። ተግሣጽ ለእሱም አልቀረለትም፤ በመጨረሻ ቁጣ የነደደባቸው ግን አጽናኝ ነን ያሉት ሦስቱ ወዳጆቹ ናቸው፤ ኢዮብ ራሱ እንዲጸልይላቸው እስኪላኩ ድረስ። ወዳጆቹ ሰባት ቀን አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደህና ሠርተው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ።

ለዚህ ሕመም የሚስማማ የጽሑፍ ቅርጽ ያገኘሁት አልፎንስ ዶዴ ዘንድ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ቂጥኝ አከርካሪው ድረስ ገብቶ ነርቮቹን ሲበላበት፣ ሕመሙን በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ሞተ፤ ማስታወሻው የታተመው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጁልያን ባርንስ በ2002 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ልቦለድ አይደለም፤ ቁርጥራጭ ነው። ዶዴን የሚያህል ባለሙያ ሴራ ሊያበጅለት አለመሞከሩ ደስ ይለኛል፤ ይህ ሕመም መጀመሪያና መጨረሻ የለውምና። የእኛም ደራሲ ይሞክረው ብዬ አስባለሁ። ግሶቹ ተዘጋጅተው ቁጭ ብለዋል።

እስከዚያው አንድ ጡረታ የወጣ ባልደረባዬ አለ፤ ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አብረን እንራመዳለን። «እንዴት ነህ?» አይለኝም። «ዛሬ የትኛው ነው?» ነው የሚለኝ። «የሚለበልበው» ካልኩት አግዳሚ ወንበር ይፈልጋል። «የሚነዝረው» ካልኩት እስኪያልፍልኝ ቆም ይልና ስለ ኳስ ያወራል። «የደነዘዘው» ባልኩት ቀን ደግሞ ምንም አይልም፤ እየተራመድን ብቻ በየመሃሉ ጎንበስ ብሎ ጫማዬ እግሬ ላይ መኖሩን ያያል።