የደባርቅ አስጎብኚ ሙያ

ስለ ስሜን ተራሮች ሲነሣ ገደሉ፣ ዋልያውና ራስ ዳሽን ይወደሳሉ። እኔ ግን ማመስገን የምፈልገው ጠዋት ከደባርቅ ተነሥቶ እንግዳውን ቡይት ራስ ድረስ አውሎ ማታ የሚመልሰውን አስጎብኚ ነው። ጎበዝ አስጎብኚ የት መቆም እንዳለበትና መቼ ዝም ማለት እንደሚገባው ያውቃል።

ቡይት ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ስለሚል ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ይቆራረጣል። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ በዝግታ ይራመዳል። እንግዳው ሲያለከልክ ካየ «ደከምዎት?» ብሎ አያሳፍረውም፤ አስታው ጥግ ቆም ብሎ ስለ ዛፉ ማውራት ይጀምራል። ሰውዬው ወሬ ሲያዳምጥ ትንፋሹ ይመለሳል።

ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ሌሊት ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ያልለመደ ሰው በቀጥታ ሄዶባቸው ይበትናቸዋል። አዋቂው ግን መንጋው እየጋጠ የሚመጣበትን አቅጣጫ አይቶ ራቅ ብሎ ያስቀምጣችኋል፤ አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ስካውትም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ መንጋው ራሱ ይጠጋል። ሁሉም ካሜራውን ደረታቸው ላይ ወዳለው ቀይ ቆዳ ሲያዞር እሱ «ጣታቸውን እዩ» ይላል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሣሩን ይለቅማሉ፤ ሁለቱ እጆች እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ መዳፍ ሲሞላ ወደ አፍ ይላካል። ከዚያ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ተንፏቀው ወደሚቀጥለው ሣር ያልፋሉ። ይህን ያህል ቅልጥፍና ያለው ጣት በዝንጀሮ ዘር ብርቅ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን አስጎብኚው የገብስ ማሳ ዳር የሚያቆምበትን ጊዜ ነው። ተዳፋቱን በሰያፍ የሚያቋርጡ ጠለቅ ያሉ ትልሞች ያሳያል፤ ፈሰስ ይባላሉ፤ የክረምቱን ጎርፍ ከማሳው ያወጣሉ። ገበሬው ፈሰሱን የሚያወጣው በዚያው በሚያርስበት ማረሻ ነው፤ ውኃ ልክም ገመድም የለውም፤ በዓይኑ ይለካል። አብዝቶ ቁልቁል ካደረገው ውኃው አፈሩን ጠርጎ ቦረቦር ያወጣል፤ አግድም ካስተኛው ደግሞ ውኃው ተኝቶ ገብሱን ቢጫ ያደርገዋል። አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ በእጁ መዳፍ ዘንበል ማለቱን ሲያሳይ፣ ያ ማሳ ስንት ዕውቀት እንደፈሰሰበት ይገባችኋል።

ስለ ማሳው የሚነሣውን አከራካሪ ነገርም አይሸሽግም። ዩኔስኮ የስሜን ተራሮችን ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ሲያስገባው እርሻና ሰፈራ ከምክንያቶቹ ነበሩ። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ጥሩ አስጎብኚ ይህን ሲናገር ለገበሬውም ለዋልያውም ያዝናል፤ አንዱን ጥፋተኛ አድርጎ አይተርክም።

በመልስ ጉዞ መንገድ ላይ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን ጋ ጫማ ይወልቃል። አስጎብኚው ለእንግዳው የት ድረስ እንደሚገባ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ይቆማል፣ መቅደሱ የካህናት ነው። ከዚያ ቄሱ ሲናገሩ እሱ አስተርጓሚ ብቻ ይሆናል፤ ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም።