ሐኪሙ ሲያመነታ፦ በአንድ የፈረንሳይ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ክትባት የሚያመልጠው ሰው ሲበዛ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚጣለው በወላጅ ወይም በታካሚ ላይ ነው። ፒየር ቬርዤና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 በኢባዮሜዲሲን መጽሔት ያወጡት ጥናት ግን ጥያቄውን ወደ ሐኪሙ አዙሮታል፤ ዋነኛ ብርታቱም ይኸው ነው።

ጥናቱ በፈረንሳይ 1,712 አጠቃላይ ሐኪሞችን ጠይቋል። እንደ ክትባቱ ዓይነት ከ16 እስከ 43 በመቶ የሚሆኑት፣ ክትባቱ ለሚገባቸው ታካሚዎች አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚመክሩ ወይም ፈጽሞ እንደማይመክሩ ተናግረዋል። ጥቅሙንና ጉዳቱን ለማስረዳት የማይቸገሩት አዘውትረው ሲመክሩ፣ ጠቀሜታውን የሚጠራጠሩት ወደ ኋላ ብለዋል። ጥርጣሬው መነሻ የለሽ አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መልቲፕል ስክለሮሲስ ያስከትላል የሚል ስጋት በመነሣቱ፣ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 በትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረውን ክትባት አቋርጦ ነበር።

ሆኖም ጥናቱ የመዘነው ሐኪሞቹ ስለ ራሳቸው የሰጡትን ቃል እንጂ በምርመራ ክፍል የተባለውን አይደለም። ታካሚው መከተብ አለመከተቡንም አልተከታተለም። በአንድ ጊዜ መጠይቅ የተገኘ ተዛምዶ ደግሞ መንሥኤና ውጤትን አይለይም፤ የመምከር ልማድ የሌለው ሐኪም ጥርጣሬን ኋላ እንደ ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል። ስለሆነም የሐኪሙ አመለካከት የታካሚውን ውሳኔ ምን ያህል እንደሚለውጥ በዚህ ጥናት ብቻ መደምደም አይቻልም።

ጉድለቱን በከፊል የሚሞላው ዳግላስ ኦፔልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በፔዲያትሪክስ መጽሔት ያወጡት የአሜሪካ ጥናት ነው። በሕፃናት ሐኪሞችና በወላጆች መካከል የተደረገው ንግግር በቪዲዮ ተቀርጾ ተመርምሯል። ክትባቱ የሚሰጥ መሆኑን በመናገር ሐኪሙ ሲጀምር 26 በመቶ፣ የወላጁን ፈቃድ በመጠየቅ ሲጀምር ግን 83 በመቶ የሚሆኑት ወላጆች ተቃውመዋል። በጥናቱ አመንቺ ወላጆች ሆን ተብሎ በብዛት ስለተካተቱ አኃዙ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሠራ አይደለም፤ የአነጋገር ለውጥ ከውሳኔ ጋር መያያዙን ግን ያሳያል።

ፈረንሳይ ከጥር 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚወለዱ ሕፃናት የግዴታ ክትባቶችን ከ3 ወደ 11 አሳድጋለች። ሕጉ ግን የሐኪሙን ጥርጣሬ አያስወግድም፤ ለአረጋውያን የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በዚህ የሕፃናት ግዴታ ውስጥ አልተካተተም።

በኢትዮጵያ ይህ ኃላፊነት በአብዛኛው የነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። ስለዚህ ልጇን ያላስከተበች እናት ከመወቀሷ አስቀድሞ፣ የሚከትበው ባለሙያ ስለ ክትባቱ ምን እንደሚያምንና ለማስረዳት ምን ያህል ጊዜና ሥልጠና እንዳገኘ ሊጠየቅ ይገባል።