«ጉድለት» ወይስ «ዝንፈት»?
በአንድ የፊዚክስ ቃል አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሂስ

ለባዕድ ቃል አቻ የሚሰጥ ሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የቆመለትንም ነገር መመርመር ይኖርበታል። ይህን ሐሳብ የፊዚክስ ሊቃውንት «ዲፌክት» በሚሉት ቃል ላይ እንፈትነዋለን። በተርጓሚ እጅ ቀድመው የሚገቡት «ጉድለት»፣ «ሕፀፅ» እና «እንከን» ናቸውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤሌክትሪክ መስክ ወጥመድ የተያዙ አዮኖች በሌዘር ሲቀዘቅዙ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ይህም የአዮን ክሪስታል ይባላል። ከጎን የሚይዛቸው ኃይል ከተወሰነ ልክ በታች ሲላላ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እየወጡ ይቆማሉ። ለውጡ ከፈጠነ የሰልፉ ክፍሎች ለመስማማት ጊዜ ስለማያገኙ አንዱ ክፍል በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይጀምራል፤ በሚገናኙበትም ስፍራ አሰላለፉ ሳይገጥም ይቀራል። ቶም ኪብል እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ጽንፈ ዓለም ጅማሬ፣ ቮይቼክ ዙሬክ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ፈሳሽ ሂሊየም ያቀረቡት ይህ ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀርመን (በማይንዝና በብራውንሽቫይግ) እንዲሁም በካናዳ በወጥመድ በተያዙ አዮኖች ላይ ተፈትኗል።

እንግዲህ «ጉድለት» ብንል ምን ጎደለ? አንድም አዮን አልጎደለም። ተማሪው ግን ቃሉን አምኖ የጠፋ አዮን ይፈልጋል። በጠጣር ክሪስታል ውስጥ አቶም ከቦታው በእርግጥ የሚታጣበት ጊዜ ስላለ፣ «ጉድለት» ለዚያ ሊቆጠብ ይገባዋል። «ሕፀፅ»ም በግዕዝ ሥሩ ማነስን ስለሚያመለክት ከዚሁ ስሕተት አያመልጥም። «እንከን» ደግሞ ነቀፋ ያዘለ ነው፤ ተመራማሪው ግን የሚቆጥረው ማስረጃ እንጂ የሚነቅፈው ነውር የለውም። በእኛ አስተያየት ተስማሚው «ዝንፈት» ነው፤ የዛነፈ ነገር ሁለመናው አለ፤ ያልተገኘው መግጠሙ ነው።

«ፌዝ» ለሚለው ቃል «ምዕራፍ» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። ምዕራፍ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚከተልበት ነው። በመንዝ ጓሳ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ፣ በበጋ ሌሊት የረጋ ውሃ ረፋድ ላይ ይቀልጣል፤ በማግስቱም ይመላለሳል። የአገሬው ሰው «ረጋ»፣ «ቀለጠ» ሲል የሚናገረው ስለ ውሃው አኳኋን ነው። ስለዚህ «የአኳኋን ለውጥ» ይሻላል። «የተጠመዱ አዮኖች» የሚለውም ይታረም፤ ለዚሁ ገበሬ የሚጠመደው በሬ ነው፤ ወጥመድ የገባው ግን «ተያዘ» ይባላል።

ጠቅላላው ስም «ዲፌክት» በፊደላችን ተጽፎ ሊቆይ ይችላል። በሥሩ ያሉት ዓይነቶች ግን «ጉድለት» እና «ዝንፈት» ተብለው ካልተለዩ፣ መዝገበ ቃላቱ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ያስተምራል።