አብሮ የሚነፋ ሰው

ሻኩሃቺን ያለ መምህር መማር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው «ድምፁ ይወጣልኝ ይሆን?» ብሎ ነው። እኔ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው እላለሁ። ይህ የጃፓን ዋሽንት ከነሥሩ ከተነቀለ ቀርከሃ ይሠራል፤ የተለመደው ዓይነት ርዝመቱ 54.5 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ከፊት አራት፣ ከኋላ አንድ ቀዳዳ አለው። አፉ ወደ ውጭ ተጠርቦ ስለት ወጥቶለታል። መስታወት ፊት ቆሞ የከንፈሩን ክፍተት ያጠበበ፣ አምስቱንም ቀዳዳ ደፍኖ «ሮ» የሚባለውን የታች ድምፅ በየዕለቱ እስከ ትንፋሹ ጥግ የነፋ ሰው ሳምንታት ቢፈጅበትም ያገኘዋል።

የሚከብደው ሜሪ ነው። ቀዳዳዎቹ በቀጥታ የሚሰጡት ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላና ዶን ነው። በመካከል ያሉትን ድምፆች የሚያወጣው አንገት ነው፤ ቀዳዳው በከፊል ተሸፍኖ አገጭ ወደ ደረት ሲወርድ ድምፁም ይወርዳል፣ ይደበዝዛል። በሜሪ የሚገኘው ቅኝት በአካሄዱ የእኛን አምባሰል ይመስላል፤ ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ይወጣና ሰፊ ዝላይ ይዘላል። ለጆሮ ቤተኛ ነው። ዳሩ ግን ሆንክዮኩ በሚባሉት ጥንታዊ ዜማዎች ያቺ ሁለተኛ ድምፅ ከፒያኖው ግማሽ ድምፅም ዝቅ ብላ ወደ መነሻዋ ትጠጋለች። ጆሮዬ «በቃ፣ ደርሷል» ሲለኝ አንገቴ ገና መውረድ አለበት። ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያም አይፈርድም፤ የተሠራው በፒያኖ ልክ ነውና።

ታዲያ የሚፈርደው ማን ነው? ጃፓን ውስጥ ተማሪና መምህር ፊት ለፊት ተቀምጠው ዜማውን አብረው ይነፉታል። ማብራሪያው ጥቂት ነው። ኖታው በካታካና ፊደል ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ የትኛው ጣት እንደሚነሣ ይናገራል። ሆንክዮኩ ላይ ግን በሁለት ትንፋሽ መካከል ያለው ዝምታ የት እንደሚያበቃ ኖታው አይነግርም። የአብነት ተማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ምልክቱ ቢጻፍም ዜማውን የሚሰጠው የመሪጌታው አፍ ነው። በሻኩሃቺም እንዲሁ ነው፤ ኪንኮ ኩሮሳዋ (እ.ኤ.አ. 1710–1771) ፊታቸውን በቅርጫት ቆብ ሸፍነው እየነፉ ይለምኑ የነበሩትን የኮሙሶ መነኮሳት ዜማዎች ሰበሰበ፤ 36ቱ ዜማዎች ኪንኮ ለሚባለው የአነፋፍ መስመር መሠረት ናቸው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 መነኮሳቱ የነበሩበትን ፉኬ የሚባል የእምነት ክፍል ሲያፈርስ ዜማውን ያተረፉት የሚነፉት ሰዎች ናቸው።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚያስተምሩ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። የሚጎድለው ግን ያው አብሮ መንፋቱ ነው። ድምፅ በመስመር ሲጓዝ ስለሚዘገይ ሁለት ሰው እኩል መንፋት አይችልም። ተማሪው ማይኩን ዘግቶ ከመምህሩ ጋር ቢነፋ እሱ መምህሩን ይሰማል፣ መምህሩ ግን አይሰማውም። ሌላም አለ፦ የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያዎች ጫጫታ የመሰላቸውን ያጠራሉ፤ የሻኩሃቺ ትንፋሽ ደግሞ ለእነሱ ጫጫታ ነው። ሙራኢኪ የሚባለውን ነፋስ የቀላቀለ ኃይለኛ አነፋፍ ስነፋ ማዶ የሚደርሰው ቁርጥራጩ ነው። ከትምህርቱ በፊት ማጥሪያውን መዝጋት ግድ ይላል።

በሌላው ቀን አብሮኝ የሚነፋው ቅጂ ነው። የመረጥኩት ጎሮ ያማጉቺን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ቮዬጀር መንኮራኩሮች ይዘውት በሄዱት የወርቅ ሸክላ ላይ ያለው ሻኩሃቺ የእሱ ነው። ቅጂውን በስፒከር ከፍቼ ከጣቶቹ ይልቅ ትንፋሹን እከተላለሁ። ሲያቆም አቆማለሁ፤ እስኪጀምር ሳንባዬን ሞልቼ እጠብቃለሁ። ዝምታው ሁልጊዜ ከገመትኩት ይረዝማል። ሜሪውም የሚታረመው እዚሁ ነው፤ ድምፄ ከእሱ ጥቂት ከፍ ካለ ሁለቱ ተጋጭተው አየሩ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፣ አገጬን ዝቅ ሳደርግ ንቅጥቅጡ እየዘገየ ሄዶ ይጠፋል። ጀማሪ አንድ መስመር ይምረጥ የምለውም ለዚህ ነው፤ ቶዛን ናካኦ እ.ኤ.አ. በ1896 የመሠረተው መስመር ኖታውም አነፋፉም ከኪንኮ ይለያል፣ ሁለቱን የቀላቀለ ጆሮ ማንን እንደሚከተል አያውቅም።

ቅጂ ግን አይጠብቅም፣ ተማሪውንም አይሰማም። ስለዚህ ጃፓን ደርሶ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ እንደተካሄደው ባለ ዓለም አቀፍ የሻኩሃቺ ፌስቲቫል መምህር ያገኘ ሰው ሰዓቱን በጥያቄ አይጨርሰው። ጥያቄው በኢንተርኔትም ይመለሳል። መጀመሪያ «ሮን አብረን እንንፋ» ይበል፤ ከዚያ የሚያውቀውን አንድ አጭር ዜማ ከዳር እስከ ዳር አብረውት እንዲነፉ ይለምን፣ ከፈቀዱለትም ይቅዳው።