ፈረስና ስሙ፤ ስለ አገው ምድር ፈረሰኞችና ስለ ፈረስ ስም መዝገብ

በደጋው ኢትዮጵያ ከጋማ ከብት ሁሉ ስሙን ለሰው የሚያወርሰው ፈረስ ብቻ ነው። በቅሎ ለጉዞና ለክብር፥ አህያ ለጭነት ይፈለጋሉ፤ ፈረስ ግን የጦርነትና የጨዋታ እንስሳ ስለ ሆነ ባለቤቱ በእርሱ ስም ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ የአገሪቱን ሥነ ቃል የሚመረምሩ ሰዎች ቅኔን፥ ፉከራን፥ ሙሾን፥ ተረትን በየክፍሉ ሲደለድሉ ለፈረስ ስም ቦታ አልሰጡትም። ሁለት ቃል ብቻ በመሆኑ ከግጥም አልተቆጠረም፤ ስም በመሆኑም ለታሪክ ጸሐፊ ተተወ። ታሪክ ጸሐፊውም በበኩሉ ከመኳንንቱ ስም ቀጥሎ እንደ ቅጽል አስፍሮት ያልፋል።

ይህን ቸልታ ከሁሉ በላይ ያረመው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ሥራ ነው። «ዝክረ ነገር» በተባለው በ1942 ዓ.ም. በወጣው መጽሐፋቸው የቀድሞውን የመንግሥት ሥርዓት ለትውልድ ያቆዩት እኒህ ሊቅ፥ በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት «ቼ በለው» በሚል ርእስ የፈረስ ስምን ባህል የሚመለከት ረዥም ጽሑፍ አሳተሙ። ርእሱ ራሱ ፈረሰኛው ፈረሱን የሚያስነሣበት ጩኸት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ርእስ ሊገኝም አይችልም ነበር። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ እጅግ ብዙ ስም ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር። ከእርሱ በኋላ ስለ ፈረስ ስም የሚጽፍ ሁሉ ከእርሱ መነሣቱ ተገቢ ነው።

ዳሩ ግን መዝገብ ምንጊዜም የመዝጋቢውን ዐይን ይከተላል። የቤተ መንግሥትን ሥርዓት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የሚሰበስበው የፈረስ ስም በዋናው የመሳፍንትና የመኳንንት ፈረስ ስም ነው። በዚህ ምክንያት አንባቢው ስሙን ከማዕረግ ጋር አያይዞ ማየትን ይለምዳል፤ የፈረስ ስም የሹመት ተከታይ፥ እንደ ካባና እንደ ለምድ ያለ ሽልማት መስሎ ይታየዋል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ሳይሆን አይቀርም። ስሙ አስቀድሞ በሜዳ የሚነገር ቃል ነበር፤ ሹመት ያገኘው ሰው ቃሉን ይዞት ወደ አዳራሽ ገባ እንጂ አዳራሹ አልፈጠረውም። ይህን ለማየት ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው የስሞቹን አሠራር መመርመር፥ ሁለተኛው ፈረስ ዛሬም ወደሚጋለብበት አገር መሄድ ነው።

ስለ ስሞቹ አሠራር ብዙ የሚባል አለ። «ታጠቅ» ትእዛዝ ነው፤ «በዝብዝም» እንዲሁ። ትእዛዙ ለማን ነው? ለፈረሱ እንዳይባል ፈረስ አይታጠቅም። ለባለቤቱ ነው ቢባል ጌታን የሚያዝዘው ማን ነው? ስሙን የሚጠራው አሽከር ወይም ወታደር መሆኑ ሲታሰብ አንድ እንግዳ ነገር ይገለጣል፤ የበታቹ ሰው ጌታውን እያከበረ በዚያው ቃል ያዝዘዋል። «አባ ታጠቅ» ብሎ የሚጮኽ ወታደር ንጉሡን ታጠቅ ማለቱ ነው። ይህን የመሰለ ድፍረት በሌላ አነጋገር ቢወጣ ያስቀጣ ነበር፤ በፈረሱ ስም ውስጥ ሲገባ ግን ውዳሴ ሆነ። የአማርኛ ቅኔ ሰምና ወርቁን ለማዋሐድ ብዙ ቃል ይደክማል፤ የፈረስ ስም በአንድ ግስ ፈጸመው።

«ዳኘው» እና «ቃኘው» ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። በጽሕፈት ሲታዩ ትእዛዝም ኀላፊም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አገሩን ዳኘው ተብሎ ምኞት፥ ዳኘው ተብሎ ምስክርነት ይሆናል። ስሙ ለወጣት ሲወጣ ምኞት የነበረው ባለቤቱ ሲሸመግል ታሪክ ይሆናል ማለት ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ጠቅል» በሰዋስው ሕግ «ጠቅልል» ሊባል ይገባው ነበር፤ የመጨረሻው ፊደል መውደቁ ስሙ ለንባብ ሳይሆን ለጩኸት የተሠራ መሆኑን ያሳያል። የራስ አሉላ «ነጋ» እና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «ጠና» ኀላፊ ግሶች ናቸው፤ የደጃዝማች ባልቻ «ነፍሶ» ነገሩን ሳይጨርስ ያቆመ ቦዝ አንቀጽ ይመስላል፤ ነፍሶ ምን እንዳደረገ ሰሚው ይጨምርበት። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «መላ» ደግሞ ስም እንጂ ግስ አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በሰላም ጊዜ ይበልጥ የተነገረው ይኸው መላ መሆኑ አያስገርምም፤ ባለቤቱም ከጦር ይልቅ በምክር ይታወሳሉ። እነዚህን ስሞች በፊደል ተራ ወይም በማዕረግ ተራ የሚደረድር መዝገብ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። በግሱ ዐይነት ቢደረደሩ ግን ስለ አሠራሩ ብዙ ያስተምራሉ።

አንድ ሌላ ነገርም በመዝገቡ አሠራር ተደብቋል። የፈረስ ቋንቋ የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። ጉራቻና ቦራ እየተባለ የሚጠራው የፈረስ መልክ ከኦሮምኛ የተወሰደ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ባላገር እነዚህን ቃላት የራሱ አድርጎ ከነዳማና ከነአምባላይ ጋር ይቆጥራቸዋል። «አባ» የሚለውም መነሻ በሁለቱም ቋንቋዎች ያለ ነው። በጊቤ አገሮች የነገሡት አባ ጅፋርና አባ ባጊቦ በታሪክ የሚታወቁት በዚሁ በፈረስ ስማቸው ሲሆን የተወለዱበት ስም ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የሊሙ ኢናርያው አባ ባጊቦ ኢብሳ ይባሉ እንደ ነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የሰሜኑ መኳንንት በሁለት ስም ሲኖሩ የጊቤዎቹ ነገሥታት ፈረሳቸው ስማቸውን ፈጽሞ ወሰደባቸው። ይህ ልዩነት ለብቻው አንድ ጥናት ይበቃዋል። የፈረስ ስምን የቤተ መንግሥት ወግ አድርጎ የሚያይ አንባቢ ግን ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ እንኳ መነሻ አያገኝም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ አገው ምድር ይወስዳል። በጎጃም፥ ዛሬ አዊ በሚባለው አገር፥ ፈረስ ከሌላው ደጋ ሁሉ ይልቅ የቤት እንስሳ ነው። ገበሬው በበሬ ብቻ ሳይሆን በፈረስም ያርሳል፤ ሙሽራ በፈረስ ይመጣል፥ ለቀስተኛ በፈረስ ይሄዳል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይተረካል፤ ጣልያን ገና ከአገር ሳይወጣ ማለት ነው። የበዓሉም ትርጉም የዐድዋን ጦርነትና በዚያ ላይ የወደቁትን ፈረሶች ማስታወስ መሆኑ ይነገራል። ዐድዋ የተዋጋበት ቀን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነበር፤ በዓሉም በዚያው ሰማዕት ቀን ላይ ዋለ። የዐድዋን ሥዕል የሚሥሉ ሠዓሊዎች ጊዮርጊስን በአምባላይ ፈረስ ከሠራዊቱ በላይ ያቆሙታል። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ የፈረሰኛውን አውራ ጣት ብቻ በእርካቡ ውስጥ ማስገባቱን አይዘነጋም፤ አገሩ በባዶ እግር እንዴት እንደሚጋልብ ያውቃልና።

ለዚህ ጥናት ቁም ነገሩ ግን በሜዳው ላይ የሚደረገው ነው። ጉግስን ያላየ ሰው እሽቅድምድም ይመስለዋል፤ እሽቅድምድሙ ሸርጥ ነው። ጉግስ የውጊያ ምሳሌ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ጋሻውን ከጀርባው አድርጎ ይሸሻል፥ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል። አባራሪው በሽምጥ እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው በጋሻው ይመክታል ወይም ከፈረሱ ጎን ተጣብቆ ዘንጉን ያሳልፋል። ቀጥሎ ተራው ይገለበጣል፤ ያባረረው ይሸሻል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ማሸነፍ ማለት ማባረር ብቻ አይደለም። በወግ መሸሽ ከማባረር ይልቅ ይከብዳል፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፥ ልጓሙን በአንድ እጅ ይዞ፥ የሚመጣውን ዘንግ ቈጥሮ የሚሸሽ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይደነቃል። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ጨዋታ የጦር ልምምድ ብለውታል፤ እውነት ነው፥ ግን ግማሽ እውነት ነው። የጦር ልምምድ ቢሆን ኖሮ መሸሽን እንደዚህ ባላከበረ ነበር።

በዚህ ግርግር ውስጥ ስሙ ምን ይሠራል? አቧራው ሲነሣ፥ ፈረሰኞቹ ሁሉ በጎፈርና በቀለም ክር ተሸልመው አንድ መልክ ሲይዙ፥ ተመልካቹ የራሱን ሰው የሚያገኘው በስም ነው። የክርስትና ስም ለዚህ አይሆንም፤ በአንድ ሜዳ ስንት ወልደ ጊዮርጊስ ይገኛልና። የፈረሱ ስም ግን አጭር፥ ለጩኸት የተመቸ፥ ለአንድ ሰው ብቻ የሆነ ነው። «ጠቅልል» ፊደሉን የጣለበት ምክንያት፥ «ነፍሶ» ነገሩን ያልጨረሰበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል፤ የሚጋልብ ሰው ዐረፍተ ነገር እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስሙ ለሜዳ የተሠራ ቃል ነው ማለት ይህ ነው።

ሁለት ነገሮች ይህን ጥበብ ዛሬ ያሰጉታል፤ ሁለቱም በጎ ፈቃድ ያላቸው መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል። የመጀመሪያው ውድድሩ ነው። ጉግስና ሸርጥ ከገና፥ ከትግልና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርት ተቆጥረው ደንብ ወጥቶላቸዋል። ደንብ መውጣቱ አይነቀፍም፤ ያለ ደንብ ከአንድ ክፍለ አገር ሌላውን መግጠም አይቻልም። ነገር ግን ነጥብ ሊቈጠርለት የሚችለው መምታት ነው፤ በወግ መሸሽን በነጥብ መቁጠር አስቸጋሪ ነው። ተወዳዳሪውም በደረቱ ላይ ቍጥር ከለጠፈ ለስም መጮኽ ምክንያት አይኖርም። የገና ጨዋታም ከሩርና ከበትሩ ተለይቶ ስድቡንና ግጥሙን ቢያጣ ምን ይቀርለታል የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ወገን ነው፤ ገናን ገና ያሰኘው የጨዋታው ቀን ለጌታውም ለአሽከሩም የሰጠው የመናገር ፈቃድ ነበርና።

ሁለተኛው በዓሉ ራሱ ነው። የእንጅባራው በዓል ብዙ እንግዳ ይጠራል፤ ይህም ለአገሩ ክብርና ገቢ ነው። ዳሩ ግን ከሩቅ የመጣ ተመልካች የሚያየው የፈረሶቹን ብዛት ነው፤ ስለ በዓሉ የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ብዛት ነው። ለባላገሩ አንድ ፈረስ አንድ ስም ነበር፤ ለእንግዳው ሺህ ፈረስ አንድ ትርኢት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የታሪክ ጸሐፊው መዝገብና የበዓሉ ትርኢት ሳይተዋወቁ ይተጋገዛሉ፤ አንደኛው የመኳንንቱን ስም ያለ ሜዳ፥ ሌላው ሜዳውን ያለ ስም ያቀርባልና።

ከዚህ ላይ ስለ ቃኘው አንድ ነገር ማንሣት ከነገሩ አያወጣም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር ቃኘው ተባለ፤ ይህም የራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ሠራዊቱ በመርከብ ሄደ፤ ከእርሱ ጋር ፈረስ አልነበረም። ስሙ ፈረሱንም ባለቤቱንም ትቶ ባሕር ሲሻገር ግን ትርጉሙን አልጣለም፤ መቃኘት ለዘማች ጦር የሚስማማ ሥራ ነውና። ስሙን የመረጠው ሰው ቃሉ በሜዳ የሚነገር መሆኑን ተረድቷል። ይህን ያህል የቃል ማስተዋል ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ አይገኝም።

የፈረስ ስም የመጨረሻ ጊዜ የሚጠራው በለቅሶ ላይ ነው። የሞተው ሰው ፈረስ በግላሱና በኮርቻው ተሸልሞ፥ ጋሻና ጦሩ ተጭኖበት፥ ያለ ፈረሰኛ ይሳባል፤ አልቃሿም ሟቹን በፈረሱ ስም ትጠራዋለች። በሕይወቱ ብዙ ፈረስ የለወጠ ሰው እንኳ በስም አንድ ፈረስ ብቻ ነበረው። እዚህ ላይ የተናጋሪው ፆታ መለወጡን ማስተዋል ይገባል። በጦርና በጉግስ ላይ ስሙን ያነሣው ወንድ ነበር፤ በለቅሶ ሴቲቱ ትወስደዋለች፤ «ታጠቅ» የሚለው ትእዛዝም ሊታጠቅ ለማይችል ሰው ይነገራል። ይህን ቅጽበት ያልያዘ የፈረስ ስም ጥናት ግማሹን ሥራ አልሠራም።

ስለዚህ ከኮሌጅ ወጥተው ወደ አዊ፥ ወደ ሰላሌ ወይም ወደ ጅማ የሚሄዱ ተማሪዎች መዝገቡን በሌላ ሥርዓት ቢይዙ መልካም ነው። ባለፈረሱ ፊታውራሪ ይሁን ገበሬ በእኩል ይጻፍ፤ ሲያርስ ውሎ ጥር 23 ቀን የሚጋለበው ፈረስም ከመኳንንቱ ፈረስ ጋር ይቈጠር። ስሙ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ፥ በአውኚ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ በተነገረበት ቋንቋ ሳይተረጐም ይስፈር፤ ትርጉሙ በሌላ ዓምድ ይግባ። ከስሙ ቀጥሎ ስሙን ማን እንዳወጣው፥ በምን ቀን እንደ ወጣ፥ ማን እንዲጠራበት እንደሚፈቀድለት ይጠየቅ። የባለቤቱ ማዕረግ፥ ካለው፥ በመጨረሻው ዓምድ ቢጻፍ ይበቃል።