የዲፈረንሻል ሥራ በምን ይለካል?

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ ሱሉልታ የሚገባው መንገድ ከባድ መኪናን ገና ከከተማ ሳይወጣ ይፈትነዋል። ጎጃም የሚሻገረውን ደግሞ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። በዚህ መስመር የሚሠራ ባለ መኪና ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲያወራ ይውላል። ያንን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማ የሚያደርሰው ዲፈረንሻል ግን የሚታወሰው ሲያንኳኳ ነው። ያኔ ባለቤቱ ጋራዥ ይሄድና «አጠንክርልኝ» ይላል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ዲፈረንሻል የሚጠነክረው ብረት ተደርቦለት ሳይሆን ልኩ ተጠብቆ ሲገጠም ነው።

በመጀመሪያ የሚሸከመውን ጫና እንወቅ። በየመንገዱ የምናየው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ሞተሩ የሚያወጣው የማዞር ኃይል 1,500 ኒውተን ሜትር ነው። አንደኛ ማርሽ ይህን ከ14 ጊዜ በላይ ያበዛዋል፤ 5.73 የሆነ የኋላ አክስል ከተገጠመለት ደግሞ እንደገና በዚያው ቁጥር ይባዛል። ውጤቱ በሒሳብ ከ120,000 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ይህ ለሁለቱ የኋላ አክስሎች ይካፈላል፤ ጎማ ከተንሸራተተም ይቀንሳል። ሆኖም ብረቱ ምን እንደሚጠየቅ ለመረዳት ይበቃል። የዚህ መኪና አክስል አንድ ብልሃት አለው። ማባዛቱን ለሁለት ከፍሎ ከፊሉን መሐል ላይ ባሉት ጥርሶች፣ ማለትም በትልቁ ክራውንና እሱን በሚያዞረው ትንሹ ፒኒዮን፣ ቀሪውን ጎማው ጋ ሀብ ውስጥ ባሉ ጥርሶች ይሠራዋል። መሐሉና አክስል ሻፍቱ ሙሉውን ጫና የማያዩት ለዚህ ነው። ሀብ ላይ ማባዣ የሌለው መኪና ግን ሁሉንም በክራውኑና በፒኒዮኑ ይሸከማል፤ ስለዚህ በእሱ ላይ የሚሠራ ስሕተት ይቅርታ የለውም።

ማጠንከር ሲባል መቆለፍ የሚመስለው ሰው አለ። እየከበደ የሚሄድ ሸክም 100 ሜትር ያህል በአፈር ላይ የሚጎተትበት የመኪና ውድድር አለ። በዚህ ውድድር ብዙዎች የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞር ዲፈረንሻሉን ጨርሶ ይቆልፉታል። ቀጥ ባለ አፈር ላይ ይህ ትክክል ነው። አስፋልት ላይ ግን መኪና በታጠፈ ቁጥር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። ተበይዶ የተቆለፈ ዲፈረንሻል ይህን ስለማይፈቅድ ጎማውን ይፈጫል፣ አክስል ሻፍቱንም እስኪሰበር ይጠመዝዘዋል። የውስጡን ትንንሽ ጥርሶች በይዶ «አጠነከርኩት» የሚል ካለ መኪናዎን አስነስተው ይሂዱ። ጭቃ ሲይዝዎት የሚያስፈልገው በፋብሪካ የተሠራው መቆለፊያ ነው፤ እሱንም ጎማው መሽከርከር ሳይጀምር ማስገባት፣ ደረቅ መሬት ሲረግጡ ማውጣት ነው። አንዱ ጎማ ለብቻው ሲሽከረከር እነዚያ ትንንሽ ጥርሶች የተቀመጡበት መስቀል ዘይት እያጣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይነክሳል።

የብየዳ ነገር እዚህ አያበቃም። የክራውን ጥርስ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እጅግ የጠነከረ ቆዳ አለው፤ ውስጡ ለስለስ ያለና ግጭት የሚችል ነው። የቀጨኔ ብረት ሠሪዎች የተሳለ ቢላ መልሶ እሳት ከገባ ስለቱ እንደማይቆይ ያውቃሉ። ብየዳም በጥርሱ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሞረድ ተስተካክሎ ሲያዩት ያምራል፤ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ግን ይሰበርና ስባሪው ጤነኞቹን ጥርሶች ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለሙያው የሚታወቀው ገና ሳይፈታ በሚሠራው ሥራ ነው። ኩሽኔታዎቹን የሚይዙት ሁለት ክዳኖች ከቤታቸው ጋር አብረው የተቦረቦሩ ስለሆኑ ግራውና ቀኙ መለዋወጥ የለባቸውም። ጥሩ ሜካኒክ ሳይፈታቸው በፑንቶ መትቶ ምልክት ያደርግባቸዋል። ቀጥሎ በክራውኑና በፒኒዮኑ መካከል ያለውን ጨዋታ በዲያል ጌጅ ለክቶ ይጽፈዋል። የድሮው ጥርስ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ጨዋታው ወደዚያው ቁጥር መመለስ አለበት፤ ጥርሶቹ በዓመታት ሥራ የተለማመዱት በዚያ ልክ ነውና። አዲስ ጥርስ ከሆነ ቁጥሩ የሚወሰደው ከፋብሪካው መጽሐፍ ነው፤ በብዙ ከባድ መኪኖች ላይ የሚሊ ሜትር አሥረኛዎች ጉዳይ ነው። በእጅ ነቅነቅ አድርጎ «ልክ ነው» ማለት ልኬት አይደለም።

ክራውንና ፒኒዮን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተጣጥመው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የጥንድ ቁጥር ይጻፋል። ከሶማሌ ተራ ለየብቻ ተገዝተው ቁጥራቸው ካልተገናኘ፣ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስሉ አይቀበሏቸው።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው የቀለሙ ፈተና ነው፤ ሲሠራ ቆመው ይዩት። ሜካኒኩ በጥቂት የክራውን ጥርሶች ላይ ቀለም ስስ አድርጎ ይቀባል፤ ከዚያ ክራውኑን በእንጨት እየገታ ፒኒዮኑን ያዞራል። ጥርስ ከጥርስ የተገናኘበት ቦታ ቀለሙ ተገፍቶ ብረቱ ይገለጣል። ጥሩው አሻራ ሞላላ ነው። ከጥርሱ ጫፍም ከሥሩም ርቆ በከፍታው መሐል ይቀመጣል፤ በርዝመቱ ደግሞ ወደ ክራውኑ መሐል ወደሚያየው ጠባብ ጫፍ ትንሽ ጠጋ ይላል። ጠጋ የሚለው አለምክንያት አይደለም፤ ጭነት ሲመጣ ብረቱ ስለሚለጠጥ አሻራው ወደ ሰፊው ጫፍ ይሸሻል። አሻራው ጥርሱ ጫፍ ላይ ከወጣ ፒኒዮኑ ርቋል፤ ሥሩ ላይ ከወረደ በጣም ገብቷል። የሚታረመው ሺም የሚባሉትን ስስ ብረቶች በመጨመርና በመቀነስ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ መፍታትና መግጠም ሊጠይቅ ይችላል። የጋራዥ ዋጋ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ሰዓት የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም። የፒኒዮኑ ኩሽኔታ ጥብቀትም እንዲሁ ይለካል፤ ገመድ ጠምጥመው በስፕሪንግ ሚዛን እየሳቡ ስንት እንደሚያነብ በማየት።

አክስል ሻፍት ከተሰበረ ስባሪው ይናገራልና አይጣል። ስብራቱ ላይ እንደ ሐይቅ ዳር ሞገድ ተከታታይ መስመር ካለ፣ ስንጥቁ ቀስ በቀስ የሄደ የቆየ ድካም ነው። ጥርሶቹ ተጠምዝዘው ከተገኙ ከአቅም በላይ ተጭኗል። አዲሱ ሲገባ ሻፍቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ያስምሩ። ሌላ ጊዜ ሲወጣ መስመሩ ተጠምዝዞ ከተገኘ ሻፍቱ ተመልሶ አይቃናም፤ ይቀየር።

ዘይቱ ጂኤል-5 ይሁን፣ ውፍረቱም መጽሐፉ እንዳዘዘው። በቤቱ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ጭቃ ከደፈናት ዘይቱ ሲግል ግፊት ይፈጠርና ኦይል ሲሉን ጥሶ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ኦይል ሲል እየቀየረ መተንፈሻዋን አያይም።

ባዶ መኪና ወደ ሽሮ ሜዳ ነድቶ «ድምፅ የለውም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ጭነው ዳገት ይውጡ፤ ነዳጅ ሲሰጡም ሲለቁም ያዳምጡ። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ዘይቱን ያስቀይሩና የዘይት ማፍሰሻ ቡሹን ማግኔት ይዩ፤ ስስ ግራጫ ጭቃ ቢኖር ጤና ነው፣ በጣት የሚዳሰስ ስባሪ ካለ መኪናውን ያቁሙ። ሥራውን ሲረከቡም አሮጌዎቹን ዕቃዎችና የተለኩትን ቁጥሮች በወረቀት ይጠይቁ። ቁጥሩን ጽፎ የማይሰጥ ጋራዥ ሥራውን ጨርሷል ብዬ አልቆጥርም።